ከወንድሜ ከረጢት የቀየርኩት ሥር

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። አንተ ፊቴን ስለማታየው ለአንተ ልንገርህ።

በእኛ አገር ክረምት ገብቶ ውኃው የፎገራን ሜዳ ሲውጠው ከብት ወደ ጉና ተራራ ይነዳል። ታላቅ ወንድሜን አዱኛን ግን ደጋው አይስማማውም ነበር፤ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ በቁሐር ሚካኤል ደጅ የሚኖሩት መነኩሴ፣ እማሆይ ወለተ ማርያም፣ ዳገት ላይ የሚያኝከው የደረቀ ሥር በየዓመቱ ይሰጡታል። ስሙን ሲጠይቃቸው «መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፤ አኝክና ዝም በል» ይሉታል። ዋጋም አይቀበሉም።

እኔ ፊደል በራሴ ቆጥሬ ግጥም የምሞክር፣ ሁሉ የገባኝ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ስሙን አይናገሩ፣ ዋጋ አይቀበሉ፤ ታዲያ ከእኛ ምን ይፈልጋሉ? ሥሩ ምንም የማይረዳ ከንቱ ነገር ነው ብዬ ጠረጠርኳቸው። ለምን ለወንድሜ አልነገርኩትም? ማስረጃ ፈለግሁ። ልንነሳ ስንል ሥሩን ከከረጢቱ አውጥቼ ጣልኩት፤ በምትኩ ከጣና ዳር የነቀልኩትን የደንገል ሥር አድርቄ፣ ቆራርጬ ጨመርኩ። የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ዳገቱ ላይ አስመለሰው። እንመለስ አልኩት? አላልኩም። ደንገሌን አኘከና «እሰይ፣ ቀለል አለኝ! የእማሆይ ሥር ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለኝ። በልቤ ሳቅሁ። ማስረጃዬን አገኘሁ። ያን አምኖ ሲወጣ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር እያየሁ ዝም አልኩ። በማግስቱ ከሌሎቹ ከብት ነጂዎች ጋር በቃሬዛ ስናወርደው መንገድ ላይ ሞተ።

«ያቺ መነኩሴ መርዛ ገደለችው» ተባለ። ሰው ደጃቸው ላይ ተሰበሰበ። እማሆይ ከረጢቱን ተቀብለው አሸተቱ።

«ይህ እኮ ደንገል ነው። የኔ አይደለም።»

«ከደንገል ታንኳ ይሠራል እንጂ ሬሳ ይሠራል?» አለ አንዱ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አብረኸው ነበርህ። ተናገር።»

«ከእጅዎ ሲቀበል አይቻለሁ» አልኩ።

እውነት ነበር። ከውሸት የከፋ እውነት። እማሆይን ከደጁ አስወጧቸው፤ በአንበሳሜ መንገድ ሲሄዱ ታዩ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

ሥሩ ይረዳው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጅ ነበርኩ አልልም። ለወንድሜ አስቤ ነው አልልም። አሁንስ ተጸጽቼ ነው የምጽፈው ወይስ እንድታዝንልኝ? ራሴን እጠረጥራለሁ። ይቅር አትበለኝ። ብቻ በዚያ አገር ስታልፍ፣ እማሆይ ሰው አልመረዙም በልልኝ፤ እኔ አፌን ከፍቼ አላልኩትም።