በቃጫ የተለካ ገና

ከማንኪራ በእግሩ እንደመጣ የሱሪው ጭቃ ይናገራል። የገና ገበያ ቦንጋን አጨናንቋታል፤ ሰውዬው ግን የትርንጎ የጫማ መደብ ፊት ተረጋግቶ ቆመ። ሌላው ገበያተኛ መጀመሪያ ዋጋ ነው የሚጠይቀው። እሱ እጁን በኮቱ ጫፍ ጠረገና ከደረት ኪሱ አጭር የእንሰት ቃጫ አወጣ፤ ከዚያም የኮንጎ ጫማዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ውስጣቸውን በቃጫው ይለካ ጀመር።

«ሰማያዊ አትወድም» ብሎ አንዱን መለሰ። አረንጓዴውን ያዘ።

«ምነው ባለቤትዎን ይዘዋት ቢመጡ?» አለች ትርንጎ።

«ካወቀችማ ‹ለልጆቹ ይሁን› ብላ ታስቀረኛለች። ተኝታ ሳለች ነው የለካኋት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቱ ከኋላው የቆመች ይመስል።

ትርንጎ ሳትለመን ዋጋ ቀነሰችለት። ጫማውን በፌስታል ስታስገባ ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ፤ የግራ ኮንጎው በሽቦ ተሰፍቷል።

«የእርስዎስ እግር?»

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ የውስጥ እግሬን ቃጫ ነገር ኮረኮረኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አንኮራፋሁላት።»