የኔታ ዓይናቸውን ሲታከሙ

ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። መካነ ሰላም ከተማ ዳር፣ ከቤተክርስቲያኑ ግቢ ጽዶች ሥር፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ቀጭን ልምጭ በእጃቸው ይዘው። ልምጩ ብዙም አያምም ነበር፤ የሚያመው ስሳሳት የጓደኞቼ ሳቅ ነው። ኋላ ደሴ ሄጄ ነርስ ሆንኩ፤ የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገናም ሠለጠንኩ። ደርግ ከወደቀ ዐሥር ዓመት ያህል አልፎ፣ ቤተክርስቲያኒቱ በልማት ክፍሏ በኩል እዚያው ግቢ አጠገብ ክሊኒክ ስትከፍት ተቀጥሬ አገሬ ገባሁ።

በእኛ ደጋ ትራኮማ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፍቅ ይውላል። የሰው ሁሉ መድኃኒት ወረንጦ ነበር። ይነቅሉታል፣ ይበቅላል፣ ደግሞ ይነቅሉታል። የኔታም ወረንጧቸውን ከመስቀላቸው ጎን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር የሚዞሩት።

ክሊኒኩ በተከፈተ ሰሞን ሰው ለሁሉም ነገር መጣ። ለራስ ምታት መጣ፣ ለሳል መጣ፣ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ የመጣም ነበር። ለዓይን ቀዶ ጥገና ግን አንድም ሰው ዝር አላለም። «ቆቡን ቀደው ይሰፉታል» የተባለው ወሬ ገበያ ወርዶ ሲመለስ «ዓይን አውጥተው፣ አጥበው ይመልሳሉ» ሆኖ ነበር።

ቢጨንቀኝ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ደስ ብሏቸው «እኔ እነግርልሻለሁ» አሉኝ። እውነትም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቀምጠው ሰበኩ።

«ልጆቼ፣ ቤተክርስቲያን ነፍሳችሁን ብቻ አይደለም የምትጠብቀው። ትናንት ፊደል አስቆጠረቻችሁ፤ ዛሬ ሐኪም አምጥታ ደጃችሁ ላይ አስቀመጠችላችሁ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

እንባቸው ኮለል ብሎ ይወርዳል። በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ቀጠሉ። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ አብረው አለቀሱ። እኔ ግን አውቄዋለሁ፤ የኔታን ያስለቀሳቸው ሽፋሽፍታቸው ነበር።

እናቴ የየኔታ የንስሐ ልጅ ናት፤ ቢሆንም ምላሷን የሚያስር አልተገኘላትም። ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

«አባቴ፣ መጀመሪያ ማን ይግባ?»

«ያመመው ነዋ!»

«ታዲያ እርስዎን አላመመዎትም?»

ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው አፈነ። የኔታ «እገባለሁ፣ እገባለሁ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙንና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱ መጣ። መጀመሪያ ሰሞነኛ ነኝ አሉ፤ ደም የፈሰሰው ሰው መቅደስ አይገባም። ሰሞናቸው ሲያልፍ ጾም ገባ፤ በጾም ሰውነት ይደክማል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ በቅሎዬ ታማለች አሉ።

«በቅሎዋን ነው እንዴ የምትሰፊላቸው?» አለች እናቴ። ነጠላዋን አጣፍታ ቤታቸው ድረስ ወረደች። እኔም ተከትያት ሄድኩ። ጎንበስ ብላ መስቀል ከተሳለመች በኋላ ቀና አለች።

«አባቴ፣ ስንት ዘመን ሙሉ እርስዎ ለእኔ ቀኖና ሲሰጡኝ ኖሩ። ለሐሜት ስግደት፣ ለቁጣ ስግደት። ዛሬ እኔ ልስጥዎ። ቀኖናዎ ልጄ ዘንድ ሄደው መተኛት ነው።»

 የኔታ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

በገበያ ቀን ጥላቸውን ይዘው መጡ። አግዳሚው ላይ አንድ የገጠር ሼህ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነዋል። «አብሽሩ የኔታ፣ አላህ ያሽርዎታል» ሲሏቸው፣ የኔታ «አሜን፣ እርስዎ ቢቀድሙስ?» ብለው ሞከሩ። ሼሁ ግን ብልህ ሰው ናቸው፤ «ኧረ ከእርስዎ በፊት አልደፍርም» አሉ።

ማደንዘዣውን ወግቼ ምላጩን ሳነሳ የኔታ አንጓዬን ያዙኝ። 

«ቆይ። ፊደል አልረሳሽም?»

«አልረሳሁም፣ የኔታ።»

«እስኪ እየቆጠርሽ ሥሪ። አእምሮሽ መኖሩን ልወቅ።»

ሀ፣ ለ እያልኩ ቀደድኩ። ሐ ስል «የትኛው ሐ?» አሉኝ።

«ሐመሩ ሐ።»

«ደግ። ቀጥይ።»

ሠ ላይ «ንጉሡ» አልኩ፤ ሰ ላይ «እሳቱ» አልኩ።  የመጀመሪያውን ስፌት ሳስር ኀ ላይ ደርሼ ነበርና ሐሳቤ ክሩ ላይ ሆኖ እንደገና «ሐመሩ» ብዬ እርፍ።

«ብዙኀኑ ነው!» ብለው ጮኹ፤ መርፌው ቆባቸው ላይ እንዳለ። «ድሮም እዚህ ጋ ነበር የምትወድቂው!»

«የኔታ፣ አይንቀሳቀሱ!»

«አንቺም አትሳሳቺ!»

ጨርሼ ዓይናቸውን በፋሻ ሸፈንኩና መጋረጃውን ገለጥኩ። ሼሁ አግዳሚው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ልጄ፣» አሉኝ በጭንቀት፣ «እኔ የቁርኣኑን ፊደል፣ አሊፍ ባ ነው የማውቀው። እሱን ትችያለሽ?»

«እርስዎ አሊፍ ባውን ይቅሩ፤ እኔ እሰፋለሁ።»

ሼሁ ተኝተው ፊደላቸውን ቀስ ባለ ድምፅ ቀሩ። ከመጋረጃው ወዲያ የኔታ አንድ ዓይናቸው እንደተሸፈነ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ስንጨርስ «እኚህ ሰው አንድም ቦታ አልተደናቀፉም፤ ከአንቺ ይሻላሉ» አሉኝ።

ስፌቱ ከወጣ በኋላ ለየኔታ የጠፋው ብርሃን ሁሉ አልተመለሰላቸውም፤ ያ ይሆናል ብዬም አልነገርኳቸውም። ውጋቱና እንባው ግን ቀረ። ሁለተኛውን ዓይናቸውን ለማሠራት ማንም አልለመናቸውም። አግዳሚው ሞላ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ።

ያላሰብኩት ነገር የመጣው ኋላ ነው። የኔታ ዓይናቸው ሲያነባ በነበረበት ዘመን በየእሁዱ የቅዱሳንን ገድል ለምእመኑ የሚያነብላቸው አንድ ወጣት ዲያቆን ነበር። አሁን መጽሐፉን ራሳቸው ይዘው ቢያነቡ፣ ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ታሪክ በየገጹ ይወጣ ጀመር። ዲያቆኑ ለካ ሁለት ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ነበር የሚገልጠው!  የኔታም ዲያቆኑን አጠገባቸው አቁመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ቃል ሳይዘሉ ያነቡ ነበር። ሕዝቡም እስኪጨርሱ አብሮ ቆመ።

ከሁለት እሁድ በኋላ እናቴ መቋሚያዋን ተደግፋ ክሊኒክ መጣች።

«ልጄ፣» አለች ጉልበቷን እያሸች፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ደግ ሥራ ሠርተሻል። ግን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ መልሰሽ ልትሰፊላቸው አትችይም?»

የጉልበት ቅባት ሰጥቼ ሸኘኋት። በማግስቱ ክሊኒኩን ስከፍት ደጃፉ ላይ የተሰለፉት ሴቶች አንዳቸውም ዓይናቸውን አላመማቸውም ነበር።