ለሠላሳ ዘጠኝ ሰው

ሳፍታ የአሳማ ሽንጥ መጥበስ በጀመረች ቁጥር ከኔአምጽ አውራጃ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ መኪናውን ዳር ያስይዝ ነበር። የጣዕሙ ምስጢር ጫካ ውስጥ ያለው የጨው ውሃ ጉድጓድ ነው። ውሃውን ታመጣና ጥሬ እንቁላል ጣል አድርጋበት፣ የእንቁላሉ አናት ብቻ ብቅ እስኪል በምንጭ ውሃ ታቀጥነዋለች። ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ትጨምርበታለች። ሽንጡ ሁለት ቀን እዚያ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ነበልባሉ በበረደ የፕለም እንጨት ፍም ላይ ቀስ ብላ ታበስለዋለች።

ያስተማረቻት አማቷ ካትሪና ናት። አንድ ነገር ግን አጥብቃ አስጠንቅቃታለች።

«ከመቅዳትሽ በፊት ለስንት ሰው እንደሆነ ንገሪያት። ዝም ብለሽ እንዳትቀጂ።»

ሳፍታ ጉድጓድ የምታነጋግር ሴት አልነበረችም። ለአሮጊቷ ክብር ስትል ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እየተናገረች ቀዳች። መልስ ሰምታ አታውቅም።

በዚያ ዓመት ለቤተ ክርስቲያናቸው ንግሥ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ማለዳ ባልዲዎቿን አንጠልጥላ ስትወጣ የባሏ ወንድም ጋቭሪል ከአጥሩ ማዶ አያት።

«ሳፍቲ! ለጉድጓዷ እመቤት ሰላም በይልኝ፤ ባል ካጣች እኔ አለሁ!»

«አንተን እንኳን እሷ፣ ጨውም አያቆይህ!» ብላው አለፈች።

ጫካው ጉም ለብሷል። አንድ ወፍ እንኳ አይሰማም። የእንጨቱን ክዳን አንስታ ጎንበስ አለችና እንደ ልማዷ፣

«ለአርባ ሰው» አለች።

«ለሠላሳ ዘጠኝ» አላት አንድ ድምፅ ከታች።

የሴት ድምፅ ነው። አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ የተሳሳተን ሰው በእርጋታ እንደሚያርም ነበር። ሳፍታ እንዴት ቀድታ ቤቷ እንደገባች አታስታውስም።

ለማንም አልተናገረችም። የንግሡ ዕለት ግን ገበታው ከቀረበ በኋላ ዓይኗ ከሰው ሰው ተንከራተተ። አርባውም መጥተዋል፤ የቀረ የለም። ጋቭሪልን ትን ሲለው ወደ እሱ ተራመደች፤ እሱ ግን አስሎ ወይኑን ጠጣና ሳቀ።

«ምነው እማማ፣ ለቅሶ ቤት ያለሽ መሰለሽ? ሁሉም በልቷል እኮ፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ» አለቻት ምራቷ አግላያ።

አንቺ ብቻ። አርባኛዋ እሷው ነበረች።

አግላያ አንድ ቁራጭ ቆርጣ ሰጠቻት። ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ጭማቂው አፏን ሞላው። ጣዕም ግን የለውም። ጨው የለ፣ ጭስ የለ፣ ሽንኩርት የለ። ዙሪያዋን «እጅ ያስቆረጥማል!» እያሉ ይበላሉ።

የምላሷ ጣዕም በዚያው ጠፍቶ ቀረ። ሐኪሙ ምላሷን አገላብጦ አይቶ «ምንም የለብሽም» አላት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጠበሰች፤ የምትቀምስላት አግላያ ነበረች። ጉድጓዱ ጋ መሄዱን አልተወችም።

«ከሱቅ ጨው እንግዛ እንጂ፣ ምን አስገድዶሽ ትሄጃለሽ?» አለቻት አግላያ አንድ ቀን።

«እኔ ብቀር ጉድጓዷ ማንን እንደምትቀንስ በምን አውቃለሁ?»

ሳፍታ በሰባ ዓመቷ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሞተች። አግላያ አንዴ ባልዲዎቹን ይዛ እስከ ጉድጓዱ ሄዳ ነበር። ክዳኑ ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ ሳትከፍተው ተመለሰችና ከሱቅ አንድ ኬሻ ጨው ገዛች።