ታደሰን የጣለው መሰላል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ከእኔ ሌላ ሰው ሲያውቀው እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

በደርግ ጊዜ የመብራት መስመር ሠራተኞችን የማመላልስ ሾፌር ነበርኩ። ምሰሶ ላይ የሚወጣው ታደሰ ነው፤ ኮተቤ ጎረቤቴ፣ ጓደኛዬ። የሚወጣበት መሰላል እንጨትም ብረትም አይደለም። ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ የመስታወት ክር በሙጫ ተደራርቦ የተሠራ፣ ፋይበር የሚሉት ቢጫ መሰላል ነበር።

አንድ እሑድ መኪናውን ሳላስፈቅድ ይዤ፣ ለአጥሬ የሚሆን ባሕር ዛፍ ላመጣ እንጦጦ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስከንፍ መኪናው ላይ የታሰረው መሰላል ተፈትቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። አነሳሁት። አልተሰበረም። ጎኑ ላይ ግን ጥፍር የምታህል ነጭ ምልክት ወጥታለች። በመፍቻ መታ መታ አደረግኩት፤ ሌላው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እዚያች ላይ የታፈነ። አወቅኩ እኮ! ደህና እንዳልሆነ አወቅኩ። ብናገር ግን መኪናውን ለምን ወሰድክ ይሉኛል፤ ያኔ «አሻጥር» የምትባል ቃል ብቻዋን ሰው ታሳስር ነበር። ጭቃ ቀባሁበት። እኔ ነኝ የቀባሁት።

ከዚያ ወዲያ ታደሰ በወጣ ቁጥር መቀመጥ አቃተኝ። ከመኪናው እወርዳለሁ፣ እዞራለሁ፣ ሽቅብ አያለሁ።

«ምን ያቁነጠንጥሃል? ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ይለኛል ከላይ እየሳቀ።

ወራት አለፉ። መሰላሉ ቻለ። አንዴ ከቻለ ሁሌም ይችላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለምን? ስለሚመቸኝ ነዋ!

አንድ ጠዋት ከየካ ሚካኤል በታች ጧ ሲል ሰማሁ። ታደሰ መሬት ላይ ነበር፣ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ። ተሸክሜ ጫንኩትና ወደ ሆስፒታል በረርኩ።

የመሥሪያ ቤታችን መሐንዲስ የመሰላሉን ስብራት አገላብጦ አየና፣ «ይሄ ዛሬ የተጎዳ አይደለም» አለን። «አንድ ቀን ከባድ ነገር መቶታል፤ ድርብርቡ ውስጥ ውስጡን ተላቅቋል። መውጣት መውረዱ ደግሞ እያሰፋው ኖረ። ማነው የጣለው?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔም እንደማያውቅ ሰው ሌሎቹን አየሁ።

ታደሰ አልጋው ላይ ሆኖ፣ «ሳላየው የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አትጠይቁ» አለ። እግሩ አጥሮ ቀረ። ምሰሶ ላይ ዳግም አልወጣም፤ ዘበኛ አድርገው በር ላይ አስቀመጡት። ወንድ ልጅ ሲወለድለት ክርስትና አንሣልኝ አለኝ። «ያን ቀን ባትደርስልኝ ይሄን ልጅ አላየውም ነበር።» አነሣሁት።

ደርግ ወደቀ። የሚያስረኝ ጠፋ። ታዲያ ያኔስ ለምን አልተናገርኩም? ፈርቼ ነው እንዳልል የሚያስፈራኝ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፦ ታደሰ በሰው ፊት «ያተረፈኝ እሱ ነው» ሲል ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ባለፈው ፋሲካ ታደሰ ቤቱ ጠርቶኝ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ጥሩውን ሥጋ መርጦ ጠቀለለና ወደ አፌ ዘረጋልኝ።

አፌን ከፈትኩ። ጎረስኩ።