ሉማሜ ላይ የታረመ የዘር ሐረግ

በባዮኬሚስትሪ ተመርቄ ደብረ ማርቆስ ማስተማር ስጀምር የምመኘው ነጭ ጋዋን ለብሼ ቤተ ሙከራ ውስጥ መዋል ነበር። ያዘዝናቸው ኬሚካሎች ግን ወይ አይመጡም፣ ወይ ጊዜያቸው አልፎ ይደርሳሉ። ላፕቶፕ ነበረኝና ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ፤ ውሎ አድሮ ዲኤንኤን በኮምፒውተር ማንበብ መተዳደሪያዬ ሆነ። ዛሬ ፕሮፌሰር እባላለሁ። ካሳለፍኩት ሁሉ አዘውትሬ የማወራው ግን የተሳሳትኩበትን ነው።

የደጋ ገብሶችን ዝምድና እያጠናሁ ነበር። ከሉማሜ ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ገበሬ አሥራ ሁለት ዓይነት ዘር ሰጡኝ። ዘሩን አብቅዬ፣ ቅጠሉን በትንንሽ ቱቦ ከትቼ፣ ክዳኑ ላይ ቁጥር ጽፌ አዲስ አበባ ወዳለ ቤተ ሙከራ ላክሁት። የዲኤንኤው ንባብ ሲመጣልኝ በኮምፒውተር አነጻጽሬ የገብሶቹን የዘር ሐረግ እንደ ዛፍ ሣልኩ። አትሜ ይዤላቸው ሄድኩ።

ማንበብ ስለማይችሉ በየቅርንጫፉ ጫፍ የየገብሱን ፍሬ ለጥፌ ነበር። ደጃቸው ካለው መደብ ላይ ዘረጋሁት። አጎንብሰው አንድ በአንድ አዩት።

"ጥቁሩን ገብስ ከሰነፍ ቆሎ ጋር ምን አገናኘው?" አሉኝ።

"ኮምፒውተሩ ነው ያዛመዳቸው፣ እማማ።"

"ኮምፒውተሩ ገብስ አጭዶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እኔ አጭጃለሁ። ሰነፍ ቆሎ በእጅ ሲያሹት ገለባው ይለቃል። ጥቁሩ እንዲያ አይደለም፤ ዘመዱ ያ የጠላው ገብስ ነው። ይችን ነጯን የቆሎ ገብስም ያለ ቦታዋ አስቀምጠሻታል።"

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ በልቤ ስከራከራቸው መጣሁ። በማግስቱ ግን ፍሪጁን ከፍቼ ከዚያው ቅጠል ለመጠባበቂያ ያስቀረኋቸውን ቱቦዎች አየሁ። ጥቁሩ ገብስ ስድስት፣ ነጯ ዘጠኝ ቁጥር ነበሩ። ከሥራቸው ያሰመርኩት መስመር ተፍቆ፣ ክዳኑ ሲዞር የትኛው ስድስት፣ የትኛው ዘጠኝ እንደሆነ አይለይም። የላክኋቸውም እንዲሁ ተምታተው ይሆናል። የሁለቱን ዘር እንደገና አብቅዬ፣ በቁጥር ፈንታ ስማቸውን ጽፌ ላክሁ።

አዲሱ ንባብ ደርሶ ፕሮግራሙን ሳስኬደው ዛፉ ልክ እሳቸው እንዳሉኝ ሆኖ ወጣ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከጎኔ ካለው ቢሮ የሒሳብ መምህሩ ብቅ አለ።

"ምን ተገኘ?"

"ተሳስቼ ነበር።"

"ታዲያ ይኼ ያስቃል?"

"በጣም" አልኩት።

ቅዳሜ ሉማሜ ወርጄ የታረመውን ዛፍ ዘረጋሁላቸው። ቅርንጫፎቹን በጣታቸው እየተከተሉ አዩትና "ታዲያ እኔ ምን አልኩሽ?" አሉኝ። ደስታቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ጓዳ ገብተው ቀላ ያለ ገብስ በእፍኛቸው ይዘው ወጡ።

"ይኼ እህቴ ከቁይ ገበያ ያመጣችልኝ ነው። የማን ዘመድ እንደሆነ እኔም አላውቀው። እስቲ ያ ኮምፒውተርሽ ይንገረን።"

ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ምሳ ሳልበላ ግን አልለቀቁኝም።