የአረፋ ዕለት የዋጥኳት ክኒን

የዚያን የአረፋ ዕለት ጠዋት ቡታጅራ እህቴ ቤት ሳለሁ ራሴን አመመኝና፣ በሩ ጀርባ ከተሰቀለው ጥቁር ጃኬት ኪስ አንዲት ክኒን አውጥቼ ዋጥኩ። የራስ ምታት ክኒን ከኪሴ አይጠፋም። መነጽሬን አላደረግኩም እንጂ ሮዝ መሆኗን አይቻለሁ፤ ኮከብ እንደተቀረጸባትም በጣቴ ዳስሻለሁ። ለበዓል አሳምረዋት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ሰባ ዓመት ኖሮ ሰው ይህን ያስባል። ጃኬቱ ግን የእኔ ሳይሆን፣ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጣው የእህቴ ልጅ ነበር።

ከሶላት መልስ ዘመዱ ተሰበሰበ። በዕድሜ የሚበልጠኝ ስለሌለ ዱዓው የእኔ ነው። ሌላ ጊዜ ሥጋው ስለሚያጓጓኝ ቶሎ ነው የምጨርሰው። ያን ቀን ጫቱን በእጄ ይዤ፣ እየቀነጠስኩም፣ አላበቃ አልኩ። ዘመዱን መረቅኩ፣ ጎረቤቱን መረቅኩ፣ ከወልቂጤ ያመጣንን የሚኒባስ ሾፌር መረቅኩ። ከሰላምታ በቀር የማንነጋገረውን የእህቴን ባል ዓይን ዓይኑን እያየሁ መረቅኩት፤ አለቀሰ።

"አሚን! አላህ አንደበቱን ከፈተለት!" አሉ።

ባለቤቴ ብቻ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሥጋው ቀዘቀዘ" አለች።

ወዲያው ልቤ ይደልቅ ጀመር። መንጋጋዬ ተቆለፈ፣ ላቤ ወረደ፣ ጆጉን ሙሉ ውሃ ጠጥቼ አልረካ አልኩ። "ጫቱ ነው" ብለው በባጃጅ ክሊኒክ ወሰዱኝ።

"አባባ፣ ምን ወስደው ነው?" አለች ነርሷ።

"የራስ ምታት ክኒን። አንቺ ግን እንዴት ታምሪያለሽ፣ ልጄ!"

ባለቤቴ አፈረች። "የደም ግፊትም አለበት" አለች።

"የወሰዱትን በትክክል ካላወቅን የምንሰጣቸው መድኃኒት ራሱ ሊጎዳቸው ይችላል" አለች ነርሷ።

የእህቴ ልጅ ከአባቱ ጎን ቆሞ ነበር። አባቱ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ "ልጄ አይደለህም" እንደሚለው ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ጃኬቱን ዳበሰ፣ አባቱን አየ፣ እኔን አየ።

"የኔ ናት" አለ። "ጭፈራ ቤት የምንወስዳት… ኤክስታሲ።"

"ውስጧ ምን እንዳለ ታውቃለህ?" አለችው ነርሷ።

"አላውቅም።"

"የሸጠልህም አያውቅም። ሰውነትን ታግላለች፣ ግፊት ትጨምራለች፣ ያንተን ዕድሜ ልብም ታቆማለች። እሳቸው ደግሞ ጫት ደርበውባታል።" ወደ ባለቤቴ ዞረች፦ "ውሃም በላይ በላዩ አትስጧቸው፤ እሱም ሲበዛ ይጎዳል።"

አባቱ ትቶን ወጣ።

እስኪመሽ አቆይተው፣ አቀዝቅዘው ለቀቁኝ። በማግስቱ ያ ሁሉ ፍቅር ተሟጠጠ፤ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ የመረቅኳቸውን ሁሉ በየተራ ጠላኋቸው። ሾፌሩን ሳይቀር።

ክሊኒኩ አልጋ ላይ ሳለሁ የልጁን እጅ ይዤ፣ "ሽማግሌ ይዤ አባትህ ዘንድ እገባለሁ" ብዬው ነበር። "እሺ አጎቴ" ብሎ አዲስ አበባ ተመለሰ። አባቱ እስካሁን ስልኩን አያነሳለትም። "ያስለቀሰኝ ዱዓ የክኒን ነበር" ይላል አሉ። ከልቤ ነበር ብዬ ብነግረው ያምነኛል? እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ሽምግልናው ግን እስከ ዛሬ አለብኝ።