ሥራ ሊያሳጣኝ የነበረው ሰላምታ

ከአገር የወጣሁ ምሽት ሻንጣዬ በር ላይ ቆሞ፣ ታላቅ ወንድሜ ሳምሶን ሳሎን መሃል አቁሞኝ እጅ አጨባበጥ ያስተምረኝ ነበር። የጉለሌ ጎረቤቶቻችን ለስንብት መጥተው ቤቱ ሞልቷል፤ እሱ ግን ለማንም ግድ የለውም። መሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ሰጥቶት፣ ፈረንጅ ሰውን የሚመዝነው በመጀመሪያው ሰላምታ ነው ብሎ አምኗል።

"ቲጂ፣ በአንድ እጅ ብቻ። ጠበቅ አድርጊው። ቀና በይና ዓይን ዓይኔን እዪ።"

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "እኔ እንደዚህ ነው ያሳደግኳት? ትልቅ ሰው ላይ እንድታፈጥ?" አለችው። ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ እኔም እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከአዲሱ ገበያ እስከ ኤርፖርት ታክሲ ውስጥ እንኳ ልምምዱ አልቀረልኝም።

ጀርመን እንደደረስኩ የእንጦጦን ብርድ ስንራገም የኖርነው ሁሉ ይቅርታ ልንጠይቀው እንደሚገባ ገባኝ። ዳቦው ድንጋይ ነው፤ ሾርባ ውስጥ ካልዋለ ጥርስ አይደፍረውም። አከራዬ ደግሞ በዚያ ብርድ አየር ይግባ እያለች መስኮት ታስከፍተኛለች። ብርዱም አብሮ ይገባል እኮ ብላት፣ ልብስ ደርቢ አለችኝ።

ቋንቋውንና የአረጋውያን እንክብካቤ ኮርስ እንደምንም ተምሬ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ለረዳትነት ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ካልተቀጠርኩ የመኖሪያ ፈቃዴ አይታደስም፤ ጓዜን ጠቅልዬ መመለስ ነው። ስለዚህ የሳምሶንን ትምህርት በልቤ እየደገምኩ ሄድኩ።

ኃላፊዋ ሲመጡ ግን ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ወገቤ በራሱ ጎንበስ አለ፤ ግራ እጄ መጥቶ ቀኝ ክንዴን ደገፈው፤ ዓይኔ መሬት መሬቱን አየ። የሳምሶን ልፋት ገደል ገባ።

"ክንድዎን ያምዎታል?" አሉኝ። እዚያ አገር ትልቅ ሰውም ልጅን አንቱ ይላል፤ እሱም ያሳፍረኛል።

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ደግፈው ይዘውታል እኮ። እዚህ ሥራው ሰው ማንሳት ነው። የታመመ ክንድ አይሆንም።"

አክብሮት ነው እንዳልል የጀርመንኛው ቃል ከድቶኝ ጠፋ። በጭንቅ፣ በእኛ አገር ትልቅ ሰው የሚጨበጠው እንዲህ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ኮሪደር ላይ ወንበር ላይ ወደተቀመጡ አንድ አዛውንት ወሰዱኝና እስቲ ያንሷቸው አሉኝ። ኮርሱ ላይ እንደተማርኩት ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ በብብታቸው ይዤ ብድግ አደረግኳቸው። አዛውንቱ ትከሻዬን እንደያዙ ኃላፊዋን ዞር ብለው አዩና፣ ልጅቷ እዚሁ ትቅርልኝ አሏቸው። በዚሁ ተቀጠርኩ።

በማግስቱ ቤት ደወልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳምሶን ከወዲያ ማዶ አሰደብሽኝ እያለ ሲያጉረመርም ይሰማኛል፤ እናቴ ግን ኩራቷን የምታደርግበት አጣች። ያሳደግኩሽን አልረሳሽም፣ ተባረኪ አለችኝ። ከዚያ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ከአልጋ ማንሳት ነው አልኳት።

"ውይ፣ ምስኪኖች። ልጅ የላቸውም እንዴ?"

"አላቸው፣ እማዬ። ሩቅ ሆነውባቸው ነው።"

ደህና ሁኚ አለችኝ። እኔም ደህና ሁኚ አልኳት። ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋነውም።